የቧንቧው ፀጉር

«የሚስትህ ፀጉር ነው!» አሉ እናትየው። መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ቆመው፣ ነጠላ ጫማቸው በውሃ ርሶ፣ ለጎረቤት ጭምር በሚተርፍ ድምፅ ነው ያሉት። ውሃው አልወርድም ብሎ ወደ መተላለፊያው መፍሰስ ከጀመረ ቆይቷል። አባትየው፣ ጡረታ የወጡ ሰዓት ሠሪ፣ ተንበርክከው ቧንቧውን በቀጭን ሽቦ ሲጎረጉሩ ቆይተው በመጨረሻ አንድ የራሰ የፀጉር ጥቅል ጎትተው አወጡ። የድመት ግልገል ያክላል። ልጃቸው የጥርስ ብሩሹን አፉ ውስጥ እንደሰካ መጥቶ አየውና ራሱን ነቀነቀ። ኩሽና ውስጥ ለሕፃኑ ወተት ታሞቅ የነበረችው ሚስቱ ጆሮዋን ወደ መተላለፊያው ጣል እንዳደረገች ወተቱ ገነፈለባት።

እዚህ ቤት «ሙሽራዋ» ነው የምትባለው። ካገባች አራት ዓመት አልፏታል፣ የስምንት ወር ልጅም ታቅፋለች፤ ስሟ ግን እንደ ሠርጉ ዕለት እዚያው ቀርቷል። በዚህ ስም የማይመዘገብ ጥፋት የለም። አምፖል ቢቃጠል ሙሽራዋ አብርታው አድራ ነው። በር ቢንጫረር ሙሽራዋ እየወረወረች ስለምትዘጋው ነው። ባለፈው ክረምት ጣሪያው ሲያፈስ እንኳን እናትየው «ልብስ ስታሰጣ ረግጣው ይሆናል» ብለው ነበር፤ ልብስ የሚሰጣው ጓሮ ባለው ገመድ ላይ መሆኑን የሚያስታውሳቸው ሰው አልተገኘም። ክፉ ሴት ሆነው አይደለም። ጥፋት ባለቤት ከሌለው እንቅልፍ አይወስዳቸውም፣ ያ ነው ነገሩ።

«የኔ አይደለም» አለች ሙሽራዋ፣ እጇን በሽርጧ እየጠረገች ብቅ ብላ። «የኔ መርገፍ ካቆመ ወር አልፎታል።»

«ታዲያ የማን ሊሆን ነው? የኔ?» አሉ እናትየው፣ ሻሻቸውን ወደ ግንባራቸው ሳብ አድርገው። «እኔ ሻሼን ከራሴ ካወረድኩ ስንት ዘመኔ! ወይስ የሳቸው ነው?»

የሳቸው ሊሆን እንደማይችል ግልጽ ነው። የአባትየው ራስ ሙልጭ ያለ መዳፍ ነው። ልጃቸውም የአባቱ ዕጣ ሳይደርስበት ቀድሞ ለመገላገል ይመስል ጠዋት ጠዋት በምላጭ ይላጫል። ባለ ረጅም ፀጉር ሆና የቀረችው አንዲት ሴት ብቻ ናትና ክርክሩ እዚያው አለቀ። አባትየው ጥቅሉን በጋዜጣ ጠቀለሉና፣ ከወገባቸው ሕመም ጋር በማይሄድ ፍጥነት፣ ውጭ ወዳለው ቆሻሻ ማጠራቀሚያ ይዘውት ሄዱ።

ባልየው አፉን ተጉመጥምጦ ሲጨርስ ነገሩን ወደ ጠብታው አዞረው። ሚስቱ ከወለደች ከጥቂት ወራት በኋላ ፀጉሯ በእፍኝ እየረገፈ ትራሱን ሲሞላው፣ እሱ ነበር በመኪና ዕቃ በሚያመላልስበት መንገድ ላይ ካለው ፋርማሲ የፀጉር ጠብታ ገዝቶ የመጣው፤ ዋጋው የአንድ ጥሩ ጫማ ነው። አንዱን ብልቃጥ ጨርሳ ሁለተኛውን ጀምራለች። «እንግዲህ ይህን ሁሉ እየተቀባሽ ይሄን ያህል የሚረግፍ ከሆነ የሸጡልን ውሃ ነው ማለት ነው» አለ። እሷም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ሁለተኛው ብልቃጥ አጠራጥሯታል። የመጀመሪያው ሽታው አፍንጫ ይበጥሳል፣ ተቀብታው ሳትጨርስ ይደርቃል። ሁለተኛው ግን ግንባሯ ላይ እየተንጠባጠበ ቅንድቧን ያርሰዋል። ብልቃጡን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። «ዛሬ እጠይቃቸዋለሁ» አለች። በልቧ የፈለገችው ግን ገንዘቡን ማስመለስ አልነበረም። ያ ፀጉር የሷ አለመሆኑን፣ አንዴ እንኳን፣ ማታ ሁሉም በተሰበሰቡበት በማስረጃ ማሳየት ነው። የአምፖሉንም፣ የበሩንም፣ የጣሪያውንም ቂም በዚያው ልታወራርድ አስባለች።

የምትሠራው መስታወት ቤት ነው። ትእዛዝ ትቀበላለች፣ ልክ ትጽፋለች፣ ደንበኞች የነካኩትን በጨርቅ ትወለውላለች። ፀጉሯ በሚረግፍባቸው ወራት ከዚህ የከፋ ሥራ አልነበረም፤ ሌላው ሰው ጠዋት አንዴ አይቶ የሚረሳውን ራስ እሷ ከፊትም ከኋላም ከጎንም ስታየው ትውላለች። አንዳንዴ ደንበኛ እያነጋገረች ዓይኗ ከደንበኛው ትከሻ በላይ የራሷን ግንባር ሲቆጥር ትደርስበት ነበር። ዛሬ ግን ሆነ ብላ ወደ ትልቁ መስታወት ተጠጋች። በግንባሯ ዳርና ዳር አጫጭር አዲስ ፀጉሮች ቀጥ ብለው ቆመዋል፤ ለማበጠርም ለመተኛትም እምቢ ያሉ ናቸው። መስታወት ቆራጩ ጠረጴዛው ላይ እንደጎበጠ አይቷት «ግንባርሽ ላይ ጢም አበቀልሽ እንዴ?» አላት። ሌላ ቀን ብትሆን ታኮርፈው ነበር። ዛሬ ሳቀች፣ ምስክር ያገኘች ያህል ተሰማት። ቅዳሜ በመሆኑ የሚሠሩት እስከ እኩለ ቀን ነው። አንዲት ደንበኛ ቀጠን አድርጎ የሚያሳይ መስታወት ካላገኘሁ ብላ ሁሉንም ስታስወርድ ቆይታ ባዶ እጇን ከወጣች በኋላ፣ ሙሽራዋም ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወጣች።

ፋርማሲው በሩ አናት ላይ የተጻፈ ስም አለው፤ ሰፈሩ ግን የሚያውቀው «መላጣው ጋ» በሚለው ነው። ባለቤቱ፣ ነጭ ጋዋን የለበሰ ወፍራም ሰውዬ፣ ራሱ ከመብራቱ እኩል ያበራል። የፀጉር መድኃኒቶቹን ሆነ ብሎ ከጀርባው፣ ከራሱ ጋር እኩል በሆነ መደርደሪያ ላይ ነው የደረደራቸው፤ ይህን ድፍረት ብዙ ሰው ያደንቅለታል። ሙሽራዋ እሳት ጎርሳ ገባች። አራት አምስት ሰው ተራ እየጠበቀ ነው። ብልቃጡን ጠረጴዛው ላይ ጠቅ አድርጋ አስቀመጠችና «ውሃ ነው የሸጣችሁልን!» አለች። ተራ የሚጠብቁት ሰዎች ሁሉ ቀረብ አሉ።

ሰውዬው አልተቆጣም። ክዳኑን ከፈተ፣ አሸተተ፣ ቅንድቡን አነሳ፣ ደግሞ አሸተተ። እጁ ላይ ጠብ አድርጎ ቆየ። «ይሄማ ምሳ ምሳ ይላል» አለ።

«ምን?»

«የጥብስ ቅጠል ነው፤ ተቀቅሎ የተጠለለ።» ብልቃጡን ለተሰለፉት አቀበላቸው። ከእጅ ወደ እጅ ዞረ፤ እያንዳንዱ እያሸተተ ራሱን ነቀነቀ፤ አንዲት ባልቴትማ ለጉንፋንም ጥሩ ነው ብለው ሊወስዱት ምንም አልቀራቸውም። ሰውዬው ከመደርደሪያው አዲስ አውርዶ ማሸጊያውን ፊቷ ላይ ቀደደና አስሸተታት። ዓይኗ እንባ አቀረረ። «የኛ ይሄ ነው። አልኮል አለበት፣ ጠብ ሲል ይደርቃል። ያንቺን ግማሹን አንድ ሰው ቀድቶ በቅጠል ውሃ ሞልቶልሻል።»

ሙሽራዋ ብልቃጡን መልሳ ወሰደች። እቤታቸው የጥብስ ቅጠል የሚቀቅል አንድ ሰው ብቻ ነው ያለው። እናትየው በየሳምንቱ አንድ ድስት ያፈላሉ፤ ለሆድ፣ ለእግር ማበጥ፣ ለመስኮት መወልወያ፣ ላልተጠየቁበት ሁሉ ያዝዙታል።

«ለመሆኑ ለምንድነው የምትቀቢው?» አለ ሰውዬው። ነገረችው። «ጡት ታጠቢያለሽ?» አላት። አዎ አለችው። በዚህኛው ግን ተቆጣ። «ለምታጠባ ሴትማ አይሆንም! ማነው የገዛልሽ?»

«ባሌ።»

«እሱ ለማን እንደሆነ አልነገረን፣ እኛም አልጠየቅነው። ሁለታችንም ጥፋተኞች ነን» አለና በረጅሙ ተነፈሰ። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ በክርኖቹ ተደግፎ፣ ለተሰለፉትም እንዲደርስ አድርጎ አስረዳት። «እርጉዝ እያለሽ ፀጉርሽ በወጉ አይረግፍም፤ ይጠራቀማል። ስትወልጂ ያ ሁሉ የተጠራቀመው ባንዴ ይወርዳል። ሥሩ አርፎ ነው እንጂ አልሞተም። ብትቀቢም ባትቀቢም ባመቱ ገደማ ይመለሳል፤ ግንባርሽን እያየሁት አይደል፣ ጀምሯል።»

«ታዲያ ይሄ ጠብታ የሚሠራው ለማን ነው?»

«በዕድሜ እየሳሳ ለሚሄድ። ሴት ላይ የፀጉሩ መክፈያ መስመር ሰፋ፣ ደግሞ ሰፋ እያለ ይመጣል። ሥሩ ይደክማል፣ እንቅልፉ ይረዝማል። ይሄ ደም ሥሩን ከፈት ያደርግና የተኛውን ሥር ይቀሰቅሰዋል። ግን ያስደነግጣል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይብስ ያረግፋል፤ ከሥር የሚመጣው አዲሱ አሮጌውን ገፍቶ ስለሚጥለው ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ባሰብኝ ብሎ ይተወዋል። መሥራት በጀመረበት ሰዓት! አራት አምስት ወር የታገሠ ግን ያየዋል። ካየም በኋላ ማቆም የለም፤ ካቆመ የበቀለው ተመልሶ ይሄዳል።»

«አንተስ ታዲያ ለምን አልተቀባኸውም?» አለ ከሰልፉ አንድ ሰው።

«የኔ ሥሩ ሞቷል ወንድሜ። ይሄ የተኛ ይቀሰቅሳል እንጂ ሙት አያስነሳም» አለ ሰውዬው፣ ራሱን በመዳፉ እየደባበሰ። ፋርማሲው በሳቅ ሞላ። የሙሽራዋ ሐሳብ ግን ገና ከዚያ ቧንቧ አልተመለሰም። ይብስ ያረግፋል። ከሁለተኛው ብልቃጥ በተቀዳ በሳምንታት ውስጥ ይብስ ያረግፋል። የድመት ግልገል የሚያክለው ፀጉር የማን እንደሆነ እዚያው ተገለጠላት።

አውቶቡስ ውስጥ ንግግሯን ስትለማመድ መጣች። በአራት ዓመት ውስጥ እንዲህ ደስ ብሏት አያውቅም፤ ደስ ማለቱ ራሱ ትንሽ አሳፈራት፣ ግን አልተወችውም። ማታ ሁሉም ሲቀመጡ ብልቃጡን መሃል ጠረጴዛው ላይ ታኖረዋለች። «እማማ፣ እስቲ ያሽቱልኝ» ትላለች በቀስታ። አትቆጣም፤ ጭራሽ ድምጿን ዝቅ ታደርጋለች። ከዚያ ዞር ብላ ባሏን ታየዋለች። እዚህ ላይ ስትደርስ ንግግሩ ከመጣፈጡ የተነሳ መውረጃዋን አሳልፋ አንድ ፌርማታ ወደ ኋላ በእግሯ ተመለሰች።

ቤት ስትደርስ ፀጥ ብሏል። ባሏ ዕቃ ሊያደርስ ወጥቷል። ሕፃኑ ሳሎን ተኝቷል። እንዳይነቃባት ጫማዋን አውልቃ በመተላለፊያው ስታልፍ የአማቶቿ መኝታ ቤት በር ገርበብ ብሎ አየች። ከውስጥ የእናትየው ድምፅ ይሰማል፤ ግን ጠዋት የሰማችው ድምፅ አይደለም።

«ተወው አልኩህ። ዛሬም ይኸው፣ መሐረቡን ሞላው። የሰው ነገር ነክቼ ነው።»

«አንዴ ቀጥ በይ። አትንቀሳቀሺ» አሉ አባትየው።

እናትየው መስኮቱ አጠገብ ዱካ ላይ ተቀምጠዋል። ሻሻቸው ጉልበታቸው ላይ ነው። ሙሽራዋ የአማቷን ራስ አይታ አታውቅም ነበር። መሃሉ ሳስቶ ቆዳው በሰፊው ይታያል፤ የቀረው ሽበት በቀለም ጠቁሮ ግራና ቀኝ ተኝቷል። አባትየው ሰዓት ሲሠሩ ዓይናቸው ላይ የሚሰኩትን ማጉያ ሰክተው፣ የሰዓት ዘይት በሚያንጠባጥቡበት ቀጭን ጠብታ መሣሪያ እያንዳንዱን ሥር ለብቻው ያርሳሉ። አንድ ጠብታ፣ ትንፋሽ፣ ደግሞ አንድ ጠብታ። ሽማግሌው የሚስታቸውን ራስ እንደ ውድ ሰዓት ከፍተው ነበር የሚሠሩት።

«ልጅቷ ያንን ትልቅ መስታወት ከሥራዋ ባታመጣው ምን ነበረበት!» አሉ እናትየው። «መሃል ራሴን ዘመኔን ሙሉ አይቼው አላውቅም ነበር። በሩ ላይ ሰቀለችልኝና ሻሽ ላስር ብል አሳየኝ። እንግዲህ የልጅቷን ሰረቅኩ። ጠዋት ደግሞ ዓይኗ እያየ የራሴን ፀጉር የሷ ነው አልኩ። ይሄን ሁሉ አድርጌ ፀጉር ሊበቅልልኝ? ቅጣት ነው፤ ከነሥሩ ነው የሚነቅለው።»

«ንገሪያታ» አሉ አባትየው።

«ምን ብዬ? በሷ ፊት ራሴን ገልጬ?» አሉ እናትየው። «ደግሞ ክፉ ነገር አልሰጠኋትም። የወሰድኩትን ያህል የቅጠሌን ውሃ ሞልቼላታለሁ።»

ሙሽራዋ ጫማዋን በእጇ ይዛ ቆመች። ተናደደችም፣ አዘነችም፣ ሁለቱም ባንድ ላይ መጡባት። ዓይን ዓይኗን እያዩ እንደዋሹባት ያመኑት አሁን ነው፤ ወደ ኋላ ብትመለስና ማታ ያንን ብልቃጥ ብታወጣው ማንም አይፈርድባትም። ግን ያ የሳሳ መሃል ራስ እፊቷ ድቅን አለ። መስታወት ቤት ውስጥ ከደንበኛ ትከሻ በላይ የራሷን ግንባር ስትቆጥር የኖረች ሴት ይሄን አይታ ማለፍ አልቻለችም። በሩን ገፋ አደረገችው፤ ተንጫረረ።

እናትየው ሻሹን አነሱ፣ ጫፉን ፈለጉ፣ አጡት። አባትየው መሣሪያቸውን አየር ላይ እንደያዙ ቀሩ፤ አንዲት ጠብታ ሱሪያቸው ላይ ወረደች። ማጉያ የተሰካበት ዓይናቸው ሙሽራዋን ሲያያት የብርቱካን ያህል ነበር። 

«እማማ» አለች ሙሽራዋ። «መርገፉ ጥሩ ነው።»

«ምን?»

«ሲጀምር ያረግፋል። አዲሱ ከሥር ሲመጣ አሮጌውን ገፍቶ ይጥለዋል። እየሠራ ነው ማለት ነው። ሰው የሚሳሳተው ደንግጦ ሲተወው ነው። አራት አምስት ወር መታገሥ ብቻ ነው።»

«ማነው ያለሽ?»

«መላጣው።»

«መላጣው! ለራሱ ሳይሆንለት?»

«የሱ ሥሩ ሞቷል አለ። የርስዎ ተኝቶ ነው።»

እናትየው ጉልበታቸው ላይ ያለውን መሐረብ አዩት። ቅድም የቅጣት ደብዳቤ የነበረው ፀጉር አሁን ሌላ ነገር መሆኑን ለማመን ጊዜ ወሰደባቸው። ይቅርታ ይጠይቁኛል ብላ አልጠበቀችም፤ አልጠየቋትምም። ሙሽራዋ ቀጠለች። ጠብታው ለምታጠባ ሴት ክልክል መሆኑንም ነገረቻቸው። ይህን ሲሰሙ የእናትየው አከርካሪ ቀስ በቀስ ቀና አለ።

«ክልክል ነው? እንግዲያው አተረፍኩሽ በይኛ!» አሉ። ከዚያ የሙሽራዋን ግንባር አተኩረው ተመለከቱ። «ያን ሁሉ ፀጉር ያበቀለልሽ ታዲያ የኔ ውሃ ነው።»

ብትቀቢም ባትቀቢም ይመለሳል ያለው ሰውዬ ድምፅ ምላሷ ጫፍ ላይ ደረሰ። ዋጠችው። «ይሆናል እማማ» አለች። አባትየው ማጉያው ባገዘፈው ዓይናቸው ለረጅም ጊዜ አዩዋት። ከዚያ መሣሪያውን አቀበሏት። «እጄ ደክሟል፤ አንቺ ጨርሺው» አሉና ሱሪያቸውን ለማድረቅ ወደ መስኮቱ ዞሩ። ሙሽራዋ ጫማዋን ወለሉ ላይ አኖረች። ፀጉሩን በጣቷ ከፈለች። የአማቷ ራስ ሞቃት ነበር፣ ትንሽ ይንቀጠቀጥ ነበር፣ ከዚያ ተወ።

ማታ እንደተቀመጡ ባሏ ዳቦ እየቆረሰ «እሺ፣ ምን አሉሽ?» አላት። «ውሃ ነው አይደል?»

«የነሱ ጥፋት አይደለም። ለኔም አያስፈልገኝም፤ የኔ ቆሟል አሉኝ።»

«እንዴት ያለ መቆም ነው? ጠዋት ከቧንቧው የወጣውስ?»

 አባትየው ብርጭቋቸው ውስጥ አቀረቀሩ። ሙሽራዋ የተለማመደችው ንግግር በሙሉ አእምሮዋ ላይ ነበር፤ ብልቃጡም እዚያው ቦርሳዋ ውስጥ ነው። ሰፊው የጥፋት መዝገቧ አንድ ተጨማሪ መስመር ቢይዝ እንደማይሞላ አሰበች። ማሰቡ መረራት። ግን አፏን ከፈተች። «እሱማ የ...»

«የኔ ነው» አሉ እናትየው።

ልጃቸው የቆረሰው ዳቦ አፉ ጋ ሳይደርስ ቆመ። እናትየው ሻሻቸውን ፈቱት። ከራሳቸው ላይ አንሸራትተው ትከሻቸው ላይ ጣሉት፤ መብራቱ በቀጥታ መሃል ራሳቸው ላይ አረፈ። ልጃቸው ሱሪ መታጠቅ ከጀመረበት ጊዜ ወዲህ የእናቱን ራስ አይቶ አያውቅም። ዓይኑን የት እንደሚያሳርፍ ጠፋው።

«ምን ታፈጥብኛለህ? የሚረግፈው አዲሱ እየገፋው ነው። ነገም ይዘጋል፣ ከነገ ወዲያም ይዘጋል። ሽቦውን እዚያው በሩ ኋላ ስቀሉት» አሉ። ድምፃቸው እንደ ጠዋቱ ለጎረቤት ይተርፍ ነበር። «ቧንቧውን የምዘጋው እኔ ነኝ። ከእንግዲህ ማንም እሷን እንዳይናገራት።»

ሙሽራዋ ቀና ማለት አልቻለችም። ዓይኗን ሳህኗ ላይ ተክላ ቀረች። እናትየው ግን ይሄ ሁሉ ቸርነት ሳይበዛ አልቀረም ብለው መሰል፣ ወደ እሷ ጎንበስ አሉና በጣታቸው ወደ ጣሪያው አመለከቱ።

«አምፖሉ ግን ያንቺ ነው።»